ጓሳን በብርዱ ወር ኑና እዩት

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ።

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ኅዳርና ታኅሣሥ በመጣ ቁጥር ስለኛ አገር የሚጻፈው ነገር አንድ ዓይነት እየሆነ ስላስቸገረኝ ነው። ደብረ ብርሃን ቀዘቀዘች፣ መንዝን ውርጭ መታው፣ ባቄላው ተቃጠለ፣ በቃ። ውሸት ነው አላልኩም፣ ገበሬ ዓመቱን ሙሉ የለፋበት ባቄላ በአንድ ሌሊት ጠቁሮ ሲያድር ምን እንደሚሰማው እኔም ከገበሬ ቤት ስለወጣሁ አውቀዋለሁ፣ መጻፍም አለበት። ግን በዛው ወር በዛው ብርድ መንዝ ውስጥ ሕዝቡ በሚጠብቀው የሣር ምድር በጓሳ ላይ ምን እንዳለ የሚጽፍ ጠፋ። ከዛ የተነሳ አዲስ አበባ ያለው ሰው ሰሜን ሸዋ ሲባል ጋቢና ካልሲ ነው ትዝ የሚለው፣ ለመዝናናት ሲያስብ ደሞ ወደ ሙቀቱ ወደ ሐይቆቹ ይወርዳል። እኔ የምለው ጓሳን ማየት የፈለገ በብርዱ ወር ይምጣ፣ በእግሩ ይሂድ፣ ገንዘቡንም እዛው ሣሩን ለሚጠብቁት ሰዎች ይክፈል ነው። ለምን እንደዚህ እንደምል ላስረዳ።

ብርዱ ራሱ ሰው እንደሚያስበው አይደለም። ከጥቅምት እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ይላል፣ ደመና ስለሌለ ቀን ፀሐይ ያሞቀችው መሬት ሌሊት ሙቀቱን ሁሉ ወደ ላይ ይለቀዋል፣ ቀዝቃዛ አየር ደሞ ከባድ ስለሆነ ከጉብታው እየወረደ ረባዳው ላይ ይተኛል፣ ለዛ ነው ጠዋት ጨፌው ነጭ ሆኖ ጉብታው ላይ ምንም የማይታየው። ጓሳ ከ3200 እስከ 3700 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ ቦታ ነው፣ ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል። ግን ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ፀሐይዋ ጃኬት ታስወልቃለች፣ ጭቃ የለም፣ ጉም የለም፣ ከአንዱ ጋራ ሆነህ የሌላውን ጋራ እረኛ ታያለህ። በሐምሌ የመጣ ሰው ግን ጉሙ ውስጥ ገብቶ ከፊቱ ያለውን ጓደኛውን በድምፅ እየፈለገ ይውላል፣ ወፍ ማየትማ ጭራሽ አይታሰብም።

ሌላው ምክንያት ወፎቹ ናቸው። በብርዱ ወር የኛዎቹ አሉ፣ በነሱ ላይ ደሞ ከሩቅ የመጡ እንግዶች ይጨመራሉ። ይሄን በደንብ የገባኝ ባለፈው ጥር ከጓደኞቼ ጋር በሄድንበት ቀን ነው፣ ከመሀላችን አንዱ ኖርዌይ የሚኖር ነው፣ ለገና ቤተሰብ ሊጠይቅ መጥቶ ሳይመለስ ጓሳን ልየው ብሎን አብረን ወጣን።

ከደብረ ብርሃን ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነስተን በሚኒባስ ወደ ጣርማ በር፣ ዋሻው ጋ ሳንደርስ ወደ ግራ ታጥፈን በመዘዞ በኩል። መኪና ውስጥ ወሬው ሁሉ ስለ ስኪ ሆነ። ጓደኛችን እዛ አገር በበረዶው ወራት ቅዳሜና እሁዱን የሚያሳልፈው በስኪ ነው፣ እኛ በቲቪ የምናውቀው ከተራራ ቁልቁል የሚወረድበት ሳይሆን ሜዳ ለሜዳ ጫካ ለጫካ የሚኬድበት። ቀጭንና ረጅም ሁለት ጣውላ መሳይ ነገር ከጫማው ጫፍ ጋር ብቻ ይያያዛል፣ ተረከዙ ነፃ ነው፣ በሁለት እጅ ዘንግ እየገፉ መንሸራተት ነው። ከጓደኞቹ ጋር ቴርሞስና ባይኖኩላር ይዘው ይወጣሉ፣ ስኪው ድምፅ ስለሌለው ወፍ ሳይበረግግ ቀረብ ይላሉ። አንድ ቆቅ መሳይ ወፍ አለ አለን፣ በበጋቸው ቡናማ ሆኖ በረዶ ሲመጣ ላባው ነጭ የሚሆን፣ ሌሊት በረዶውን ቆፍሮ ውስጡ ገብቶ የሚያድር። ታዲያ ሌላ ብዙ ወፍ ታያላችሁ ወይ ብለን ስንጠይቀው አይ በዛ ወራት አብዛኛው ጥሎ ይሄዳል፣ የሚቀረው ጥቂት ነው አለን።

እግረ መንገዴን ልበል፣ ስኪ ከተነሳ ሮቤል ተክለማርያምን አለማንሳት ነውር ነው። በረዶ ከሌለበት አገር ተነስቶ የኢትዮጵያን ባንዲራ ይዞ በ2006 እ.ኤ.አ. በቶሪኖ የክረምት ኦሎምፒክ በ15 ኪሎ ሜትር ስኪ ተወዳድሮ 83ኛ የወጣ፣ ከ4 ዓመት በኋላም ቫንኩቨር ላይ የቀረበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ እሱ ነው። ከመሀላችን ሁለቱ ስሙን ሰምተውት አያውቁም ነበር፣ ይሄንንም ብትጽፉበት ደስ ይለኛል።

ወደ ጉዳዬ ልመለስ። ጎህ ሲቀድ ጓሳ ደረስን፣ ከማኅበረሰቡ ሎጅ ጋ የመግቢያውን ከፈልን፣ አንድ በርኖስ የለበሱ ጠና ያሉ ጠባቂ ሊመሩን መጡ። መኪናውን እዛው አቁሙት፣ ከዚህ በኋላ በእግር ነው አሉን። ሣሩ ጠዋት ላይ ውርጩን ተሸክሞ ሲረገጥ ይንኮሻኮሻል፣ የጓሳው ሣር ደሞ ክምር ክምር እያለ የሚበቅል ስለሆነ መሀል መሀሉን እየመረጡ ነው የሚኬደው፣ ለዚህ አየር ያልለመደ ሰው ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ቀስ ማለት ነው። ጅብራ የሚባለው ረጅም ተክል እዚህም እዚያም ቆሟል፣ ከእግር ስር ጦስኙ ይሸታል።

መጀመሪያ ያየነው ወንዟ ዳር ነው። የወንዟ መሀል ይፈስሳል፣ ጠርዙ ላይ ግን እንደ መስታወት የሳሳ በረዶ ይዟል። ሁለት ዝዮች ከውሃው አንድ አምስት እርምጃ ራቅ ብለው ቆመዋል፣ አንደኛው አንገቱን ወደ ኋላ ስቦ ጀርባው ላይ አስተኝቶታል፣ ሌላዋ ሣር ትነጫለች። ጋሼ በእጃቸው ቁጭ በሉ አሉን፣ ተቀመጥን። ፀሐይ እስኪወጣ ድረስ ምንም አላደረጉም፣ ግራጫ ቡናማ ነገር ናቸው፣ ሩቅ ለሚያያቸው ድንጋይ ናቸው። ከዛ አንዱ ሲንጠራራ ክንፉ ተከፈተና የትከሻው ሰማያዊ ወጣ፣ ሁላችንም እኩል ትንፋሻችንን ዋጥን። ይሄ ሰማያዊ ክንፍ ዝይ የኢትዮጵያ ደጋ ወፍ ነው፣ ሌላ አገር ሄደህ አታገኘውም። ላባው ጥቅጥቅ ያለ ነው፣ ለብርድ የተፈጠረ ነው፣ ይሄን በሐይቅ ዳር ሙቀት ውስጥ ልየው ብትል ከየት ታመጣዋለህ።

እዛው ጨፌው ዳር አንዲት ደረቷ ዳማ የሆነ ወፍ ከቁጥቋጦው ትወጣና ጭራዋን ብድግ ባደረገች ቁጥር ከስሩ ነጭ ብልጭ ይላል፣ መልሳ ትገባለች፣ መልሳ ትወጣለች፣ ከሰው አትሸሽም ማለት ይቻላል። ከፍ ብሎ ሣሩ ላይ ደሞ ጉሮሮው ቢጫ ሆኖ ከስሩ ጥቁር ማተብ ያሰረ የሚመስል ወፍ አለ፣ እሱም የኛው ብቻ ነው። ጋጋኖዎቹ እየጮሁ በላያችን አለፉ፣ እነሱን ደብረ ብርሃን ከተማ ውስጥም በየቀኑ እንሰማቸዋለን ግን ማን ቀና ብሎ ያያል።

እንግዶቹ የመጡት ፀሐዩ ከሞቀ በኋላ ነው። በጎቹ በተሰማሩበት ዳር አንዲት ሆዷ ቢጫ ቀጭን ወፍ ጭራዋን እያወዛወዘች ከበጎቹ እግር ስር የሚነሳውን ትንኝ ትለቅማለች፣ በጓ አንድ እርምጃ ስትሄድ እሷም አንድ ትሮጣለች፣ ኮቴው ሊረግጣት ሲል ወደ ጎን ዘለል ትላለች። ጓደኛችን ባይኖኩላሩን ይዞ ብዙ ቆየ፣ ከዛ ይቺ እኮ እኛ ጋ በበጋ እርጥብ ሜዳው ላይ የምትውል ናት አለ። ከአውሮፓና ከሩሲያ ትነሳለች፣ መስከረም አካባቢ ትገባለች፣ እስከ ሚያዝያ ከኛ ጋር ትቆያለች። መኪና ውስጥ ጥለው ይሄዳሉ ያለን ወፎች መንዝ በጎች እግር ስር ቁርስ እየበሉ አገኛቸው ማለት ነው። ትንሽ ራቅ ብሎ ጉብታ ላይ መሬት የተቀመጠ ትልቅ ቡናማ ንስር ነበር፣ በሩሲያና በካዛኪስታን ሜዳዎች የሚፈለፈል ነው፣ የአፉ ቢጫ ጠርዝ እስከ ዓይኑ የኋላ ጥግ ድረስ ስለሚሄድ በሱ ይለያል። መሬት ላይ የሚቀመጠው ደክሞት አይደለም፣ አይጥ ከጉድጓዷ እስክትወጣ እየጠበቀ ነው። ይሄ ንስር አሁን በዓለም ደረጃ ለመጥፋት አደጋ ከተጋለጡት ተመዝግቧል፣ በሚያልፍበት መንገድ ሁሉ የኤሌክትሪክ ምሰሶ ላይ ሲያርፍ እየተያዘ የሚሞተው ብዙ ነው። ያን ሁሉ አገር አቋርጦ የሚመጣው የኛን አይጥ ተማምኖ ነው፣ አይጡ ደሞ ሣሩን ተማምኖ ነው ያለው።

ቀይ ቀበሮውም በዛው አይጥ ነው የሚኖረው። ወደ እኩለ ቀን ከጭላዳዎቹ መሀል አንድ ቀበሮ ዝም ብሎ ሲያልፍ አየን፣ ጭላዳዎቹ ቀና ብለው እንኳ አላዩትም፣ ሣራቸውን እየነጩ ቀጠሉ። ይሄን ነገር ተመራማሪዎች እዛው ጓሳ ላይ ተከታትለውታል፣ ቀበሮው ከጭላዳ መንጋ መሀል ሆኖ ሲያድን ከሙከራው 67 በመቶው ሲሳካለት ብቻውን ሲሆን የሚሳካለት 25 በመቶው ብቻ ነው። በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች በጠቅላላ ወደ 500 ናቸው፣ ሁሉም ያሉት እዚሁ አገር ነው፣ ከነሱ ውስጥ የተወሰኑት ደብረ ብርሃን ካለው ቤቴ የግማሽ ቀን መንገድ ላይ እንደሚያድሩ ሳስብ ይሄን ማንም ሳያውቀው መቅረቱ ያንገበግበኛል።

ምሳ ላይ ነፋሱን የሚከልል ድንጋይ ስር ተቀምጠን በሶና ቆሎ እየበላን ጋሼን ስለ ሣሩ ጠየቅናቸው። እኛ የምናየው ወፍ ነው፣ እሳቸው የሚያዩት ሣሩን ነው። የጓሳ ሣር ለቤት ክዳን ይሆናል፣ ለገመድ ይሆናል፣ ለዝናብ ገሳ ይሆናል፣ ጅራፍ ይገመድበታል። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የአካባቢው ቀደምት አባቶች የአስቦና የጌራ ዘሮች ቦታውን ቄሮ በሚባል ባህላዊ ሥርዓት ሲጠብቁት ኖረዋል፣ ተጠቃሚው ራሱ አባ ቄራ የሚባለውን ኃላፊ ይመርጣል፣ ቦታው ይዘጋል፣ አንዳንዴ ለዓመታት ይዘጋል፣ ሣሩ ሲደርስ ይከፈትና ሁሉም በአንድነት ያጭዳል፣ በተዘጋበት ጊዜ የገባ ይቀጣል። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጁ ሲመጣ ያ ሥርዓት ፈረሰ፣ ከዛ በኋላ ሕዝቡ በራሱ ኮሚቴና መተዳደሪያ ደንብ መልሶ አቋቋመው። ጋሼ ሲናገሩ፣ እኔ ልጅ ሆኜ አባቴ ከዚህች ድንጋይ ወዲያ በግ አሳልፈህ ብትገኝ እኔን ነው የሚቀጡኝ ይለኝ ነበር፣ አሁን ለልጄ እኔ እላለሁ፣ ግን ልጄ ደሞዝ ያለው ሥራ ነው የሚፈልገው አሉ። ጓደኛችን፣ ጋሼ እርሶ ይሄን ወፍ ሁሉ ከየት ተማሩት ሲላቸው፣ ልጄ በግ ስጠብቅ ሌላ ምን ላይ ኖሯል አሉት።

የልጃቸው ነገር ነው ደብዳቤውን ያስጀመረኝ። ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆን ሣር ይህን ያህል ዘመን የቆየው ሰው ስለሚጠቅመው ነው። አሁን የቤቱ ክዳን ቆርቆሮ ሆኗል፣ ገመዱ ናይለን ነው፣ ገሳ የሚለብሰው እያነሰ ነው፣ ገብስ የሚዘራበት መሬት ግን ይጠብበታል፣ ባሕር ዛፍም በየዳሩ ይተከላል። ታዲያ ወጣቱ ሣሩን ለምን ይጠብቅ? ወፍ ሊያይ የመጣ ሰው ለመግቢያ ከከፈለ፣ ለመሪ ከከፈለ፣ በቅሎ ከተከራየ፣ ሎጁ ካደረ፣ አንድ የመንዝ ባና ገዝቶ ከተመለሰ ሣሩ በሌላ መንገድ መጥቀም ይጀምራል። ይሄን ሁሉ ከፈረንጅ ቱሪስት ብቻ መጠበቅ ደሞ አልቀበለውም፣ ፈረንጅ አንድ ዓመት ይመጣል አንድ ዓመት ይቀራል፣ እኛ ግን ከአዲስ አበባ በ130 ኪሎ ሜትር ደብረ ብርሃን፣ ከዛ ገፋ ሲል ጓሳ የምንደርስ ሰዎች ነን።

አመጣጡ ግን ወሳኝ ነው። በዛው ቀን ከሰዓት አንድ መኪና ከመንገዱ ወጥቶ ጨፌው ላይ ገብቶ አየን፣ እነማን እንደሆኑ አልጠቅስም፣ ስፒከር ከፍተዋል፣ ቀበሮውን በቅርብ ፎቶ ለማንሳት በመኪና ይከተሉታል። ጨፌ በጎማ አንዴ ከተጨፈለቀ ውሃው በዛ ቦይ ይወርድና ይደርቃል፣ ያቺ ጭራዋን ብድግ የምታደርገው ወፍ የምትበላው በዛ እርጥብ ውስጥ ነው። ጋሼ በእግራቸው ሄደው በትሕትና አነጋገሯቸው፣ ወጡ፣ ግን ጋሼ ሲመለሱ ፊታቸው ጠቁሮ ነበር። ስለዚህ የሚመጣ ሰው መኪናውን ያቁም፣ ዝግ ብሎ ይራመድ፣ ውሻ ይዞ አይምጣ፣ የውሻ እብደትና ሌላው በሽታ ለቀይ ቀበሮ ትልቁ አደጋ ነው፣ የውሃ ፕላስቲኩንም ይዞ ይመለስ። ባይኖኩላር ውድ ነው የሚል አለ፣ እኛ አንዱን እየተቀባበልን ነው የዋልነው፣ ዝይዋን ደሞ በባዶ ዓይናችን ነው ያየናት።

ጓሳ ራቀኝ ለሚል ደግሞ አንኮበር አለ። እዛ ገደሉ ጠርዝ ላይ የምትገኘውን የአንኮበር ሴሪን የምትባል ትንሽ ቡናማ ወፍ ሳይንስ ያወቃት ገና በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው፣ መግለጫዋ የታተመው በ1979 ነው፣ የአንኮበር ስም ተለጥፎባት በዓለም የወፍ መጽሐፍ ሁሉ ላይ አለች፣ አንኮበር ተወልዶ ያደገ ሰው ግን አይቷት እንኳ ወፍ ናት ብሎ ያልፋል። እሱም ራቀኝ የሚል በሬሳ ወንዝ ዳር ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ይውጣ። የደብረ ብርሃን ትምህርት ቤቶች ተማሪዎችን ቅዳሜ ጠዋት ለዚህ ቢያወጡ ወጪው የመምህሩ ጊዜ ብቻ ነው፣ ዩኒቨርሲቲው ባዮሎጂ የሚማሩ ልጆች አሉት፣ እነሱ ቢመሯቸው ሁለቱም ይማራሉ። ከጓሳ ዙሪያ ያሉት የእረኛ ልጆች ደሞ ወፉን ከነባሕሪው ያውቁታል፣ የሚጎድላቸው መጽሐፉና ከእንግዳ ጋር የሚያወሩበት ቋንቋ ነው፣ አጭር ሥልጠና ቢያገኙ የጋሼ ልጅ የፈለገው ሥራ እዛው ደጃፉ ላይ ነው።

መንገዱ ሰላም መሆኑን ቀድሞ መጠየቅ እንዳለ ሆኖ ነው ይሄን ሁሉ የምለው፣ ያገራችንን ሁኔታ ሁላችንም እናውቀዋለን። መንገዱ በተዘጋ ቁጥር መጀመሪያ ገቢው የሚቋረጠው የነዚህ ጠባቂዎች ስለሆነ በተከፈተ ጊዜ ቶሎ መምጣት ያለብን ለዛም ጭምር ነው።

ከናንተ የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ከጥቅምት እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ስለ ውርጩ በምትጽፉበት ገጽ ላይ ትንሽ ቦታ ሰጥታችሁ በሳምንት አንድ የደጋ ወፍ ከፎቶው ጋር አውጡ፣ ጽሑፉን እኔና መምህር ጓደኛዬ ያለ ክፍያ እናዘጋጃለን፣ ከመታተሙ በፊት የሚያርም ባለሙያም ደብረ ብርሃን ላይ አናጣም። ሁለተኛው፣ የጓሳ ሣር አጨዳ የሚፈቀድበት ቀን እንደተወሰነ እጽፍላችኋለሁ፣ ያኔ ጋዜጠኛና ፎቶ አንሺ ላኩ፣ ከደብረ ብርሃን ጀምሮ መኪናውን እኛ እንችላለን፣ ማደሪያውን ከሎጁ ጋር እንነጋገራለን፣ እናንተ ወፍራም ጃኬትና ጓንት ብቻ ይዛችሁ ኑ።

ከአክብሮት ጋር
አንባቢያችሁ፣ ከደብረ ብርሃን